ጥያቄና መልስ፦ በስሪዲ ፕሪንተር ስለሚሠሩ የሰውነት ክፍሎች

ስሪዲ ፕሪንተር ማለት ስስ ድርብርብ እየደረበ ዕቃ የሚሠራ ማተሚያ ነው። እኔ የምሠራው ሕያው ሴሎች በሚታተሙበት ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ያላችሁን ጠይቁኝ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልናገር፦ ቤት ያተማችሁትን ዕቃ ቆዳ ስር እንዳታስገቡ።

ጥያቄ፦ ኩላሊት መቼ ነው የሚታተመው?

ቀኑን የሚያውቅ የለም። ቀን ቆርጦ የሚነግራችሁንም አትመኑ።

ጥያቄ (ከተማሪ)፦ ፕሪንተሩ ቅርጹን አሳምሮ ካወጣው ሌላ ምን ጎደለ?

ይቺን ጥያቄ ስጠብቃት ነበር። የጎደለው ደም ስር ነው! አንድ ሴል ከቅርቡ ደም ስር ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊሜትር ገደማ በላይ ከራቀ ኦክስጅን አይደርሰውም። በቃ፣ ይሞታል። ሴል የተቀላቀለበት ጄል አውራ ጣት አሳክለን አትመን እናውቃለን። ከቀናት በኋላ ለሁለት ቆረጥነው። ሕያው ሴል አረንጓዴ፣ የሞተው ቀይ ሆኖ እንዲታይ የሚያደርግ ቀለም ጨመርንና ማይክሮስኮፕ ስር አደረግነው። ዳር ዳሩ ቀጭን አረንጓዴ ቀለበት ነው። መሀሉ በሙሉ ቀይ። ከውጭ ላየው ግን ምንም አልሆነም።

በ2019 የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሰው ሴል ትንሽ ልብ አትመዋል። የጥንቸል ልብ ያህላል። ሴሎቹ ይኮማተራሉ፣ ነገር ግን ተባብረው ደም አይገፉም። ዜናው «ልብ ታተመ» ብሎ አለፈ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የራይስ ዩኒቨርሲቲ ቡድን የሠራው ይበልጥብኛል። አየር የሚሞላና የሚጎድል ትንሽ ከረጢት በጄል አተሙ፤ ዙሪያውን ደግሞ እንደ መረብ ቀጫጭን ቧንቧዎች። በቧንቧዎቹ ያለፈው ደም ኦክስጅን ይዞ ወጣ። ሳንባ አይደለም። የመንገዱ መነሻ ግን እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ዛሬ ሰው ላይ የዋለ ነገር አለ?

ሞልቷል። ከቲታኒየም የሚታተመው የዳሌ መገጣጠሚያ ጎድጓዳ ክፍል ከ2007 ጀምሮ ሰው ውስጥ ገብቷል። ላዩ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ አጥንቱ ወደ ውስጥ እያደገ ይይዘዋል። በ2022 ደግሞ ከታካሚዋ ከራሷ ሴል የታተመ ውጫዊ ጆሮ በሙከራ ሕክምና ተተክሏል። ጆሮ የቀደመው ያለ ምክንያት አይደለም። ልም አጥንት በውስጡ ደም ስር የለውም። ዞሮ ዞሮ እዚያው ነን።

ጥያቄ፦ ዓይንስ?

ታትሞ የተገጠመው መልኩን የሚመልስ ነው፣ አያይም። ዘርፌም አይደለም።

ጥያቄ፦ ስለ ስሪዲ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ብትሰጠን?

ስለ ምኑ? እባካችሁ ጥያቄውን ጠበብ አድርጉት።

ጥያቄ፦ ኩላሊት ስንት ዓመት ይቀረዋል?

ከላይ መልሻለሁ። አንብቡ እንጂ!

ጥያቄ፦ ጣቱ ለተቆረጠ የአክስቴ ልጅ ቤት ባለው ፕሪንተር ጣት ልሠራለት?

ከቆዳ ውጭ የሚታሰር ከሆነ ሞክር። የቤት ፕሪንተር በብዛት የሚያትምበት ፒኤልኤ የሚባለው ፕላስቲክ ግን 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ እንዳይተወው። ቆዳው ከቀላ ወዲያው ያውልቀው።

ነርስ ነኝ፦ በድርብርቡ መስመሮች መሀል ጀርም ይደበቃል። ይህንን ለሰው ማሰር ልክ አይደለም።

ፕሪንተር ያለው፦ እህቴ፣ በፈቃደኞች ስንት ልጅ የታተመ እጅ አግኝቷል! ልጅ ቶሎ ያድጋል፤ ሲጠበው ሌላ ይታተማል። እኔ በፈላ ውሃ አጥባለሁ።

ነርሷ፦ የሆስፒታል ማምከኛ 121 ዲግሪ ነው። የፈላ ውሃ አይተካውም። ያንተ ፕላስቲክ ደግሞ እሱንም አይችልም፣ ይጣመማል።

ስለ ማምከኑ ነርሷ ልክ ናት። ስለ ልጆቹ አንተ ልክ ነህ፤ ግን በፈላ ውሃ ሳይሆን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጠበው። ደግሜ እላለሁ፣ ቆዳ ስር አይገባም። ቁስል ላይም አይታሰር።

ጥያቄ፦ ይቅርታ፣ እኔም ስለ ኩላሊት ነው። እህቴ ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ላይ ናት። ወንድማችን ሊሰጣት ፈቅዷል። እሷ ግን «የሚታተመው ይድረስልኝ፣ የእሱን አልነካም» ትላለች።

የኔ እህት፣ ይቅርታ አያስፈልግም። እንዳትጠብቅ ንገሪያት። ኩላሊት ውስጥ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ ማጣሪያዎች አሉ። እያንዳንዳቸው የራሳቸው የደም ስር ጥቅል አላቸው። ያንን አትሞ ሰው ውስጥ እንዲሠራ ያደረገ እስካሁን የለም። የወንድሟ ኩላሊት ግን አለ። ሁለቱም ሐኪም ዘንድ ሄደው ይመርመሩ። እስከዚያው አንድም የዲያሊሲስ ቀን እንዳታሳልፍ።

ጠያቂዋ፦ ይህንን መልስ አሁን ላነብላት ነው።

አንብቢላት። እሷም ጥያቄ ካላት ራሷ ትጻፍልኝ፣ እመልሳለሁ።