አዲሱን የአልዛይመር መድኃኒት ለእናቴ ልላክላት?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ያለችው እናቴ 72 ዓመቷ ነው። አልዛይመር እንደጀመራት ሐኪም ከነገረን ዓመት ሆኖታል። ጀበናውን ጥዳ ትረሳለች፣ አንዱን ነገር ደጋግማ ትጠይቃለች፤ ሆኖም ራሷን ችላ ነው የምትኖረው። እዚህ አሜሪካ በሽታውን የሚያዘገይ አዲስ መድኃኒት እንዳለ ሰማሁ። ገዝቼ በሰው ብልክላት ይጠቅማታል? ከዚህ የተሻለስ ይመጣል?
አንባቢ፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ የሰሙት ስለ ሌካኔማብ ወይም ስለ ዶናኔማብ ሳይሆን አይቀርም፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2023፣ ሁለተኛው በ2024 በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ አግኝተዋል። ሁለቱም በአንጎል ውስጥ የሚጠራቀመውን አሚሎይድ የተባለ ፕሮቲን የሚጠርጉ ሲሆኑ፣ የሚሰጡትም በሽታው ገና በመጀመሪያ ደረጃው ላይ ላለ ሰው ብቻ ነው። 1,795 ሰዎች በተሳተፉበት የ18 ወራት ሙከራ፣ ሌካኔማብ የወሰዱት ሕሙማን ካልወሰዱት ይልቅ ማሽቆልቆላቸው በ27 በመቶ ዘግይቷል። ቁጥሩ ትልቅ ይምሰል እንጂ፣ የበሽታውን ክብደት ከ18 ነጥብ በሚለካው መመዘኛ ልዩነቱ ግማሽ ነጥብ እንኳ አልሞላም፤ የጠፋ ትውስታም አልተመለሰም። እንደ እኔ ግምት ለተመራማሪዎች ትልቅ እርምጃ፣ ለቤተሰብ ግን መጠነኛ ትርፍ ነው።

መድኃኒቱን በሰው መላክዎን ግን አልደግፍም። ማቀዝቀዣ መፈለጉ ትንሹ ችግር ነው። በዚያው ሙከራ ሌካኔማብ ከወሰዱት 100 ሰዎች 13 ያህሉ የአንጎል እብጠት ታይቶባቸዋል፤ አብዛኞቹ ምንም ሳይሰማቸው ያለፈ ቢሆንም፣ ጥቂቶችን ለሕይወት የሚያሰጋ ሁኔታ ላይ ሊጥል ይችላል፣ የደም መፍሰስም አለ። ስለዚህ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊትም ሆነ በመጀመሪያዎቹ ወራት ኤምአርአይ ተደጋግሞ መነሣት አለበት፤ ሌካኔማብም በሕክምናው መጀመሪያ አብዛኛውን ጊዜ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሰዓት ገደማ በደም ሥር የሚንጠባጠብ ነው። እናትዎ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አደጋው ይብሳል። ከሁሉ በፊት ደግሞ አሚሎይድ መኖሩ በልዩ የአንጎል ምስል፣ ከአከርካሪ በሚቀዳ ፈሳሽ ወይም በመሰል ምርመራ መረጋገጥ ይኖርበታል፤ ምልክቱን ብቻ አይቶ የተነገረ ምርመራ ለዚህ አይበቃም።

የተሻለ ይመጣል ወይ ላሉት፣ ብዙ የተወራለት፣ ለስኳር በሽታና ለክብደት መቀነሻ የሚሰጠው ሴማግሉታይድ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2025 በታወቀው ውጤት የበሽታውን ግስጋሴ ማዘግየት አልቻለም። ይልቅ እኔ ዓይኔን የጣልሁት ትሮንቲኔማብ የተባለ ሌላ አሚሎይድ ጠራጊ መድኃኒት ላይ ነው፤ ከደም ወደ አንጎል የሚያስገባውን ጥብቅ በር በቀላሉ እንዲያልፍ ተደርጎ የተሠራ ሲሆን፣ አሁን በመጨረሻው የሙከራ ምዕራፍ ላይ ይገኛል።

እስከዚያው ስለ ዶኔፔዚል ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የሚታወቅ፣ በአፍ የሚዋጥ፣ ምልክቱን ለጊዜው የሚያለዝብ እንክብል ነው። ታይሮይድና ቫይታሚን ቢ12 ካልተመረመሩም በደም ምርመራ ይታዩላቸው፤ የእነዚህ መዛባት መርሳትን ያባብሳል፣ ሕክምናውም ቀላል ነው።