ብቻዋን ስለተገኘች የድኩላ ግልገል፦ ከጌራ ለቀረበው ጥያቄ መልስ

ጤና ይስጥልኝ። በጌራ ወረዳ የቡና ይዞታ ያላቸው አባላችን፣ ሠራተኞቻቸው በቡናው ሥር ያለውን ቁጥቋጦ ሲመነጥሩ ብቻዋን የተኛች የድኩላ ግልገል አግኝተው ትናንት ማምሻውን ወደ ቤት እንዳመጧት ገልጸው፣ የላም ወተት ይሻላታል ወይስ የፍየል ሲሉ ጠይቀዋል። በጅማ ዙሪያ በእንስሳት ጤና ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ይህ ጥያቄ በምንጠራና በለቀማ ወቅት ደጋግሞ ይደርሰኝ ነበር። ስለ ወተቱ ከመጻፌ በፊት ግን አስቸኳዩን ልናገር፤ ግልገሏ ጉዳት ከሌለባት ዛሬውኑ፣ ሳይመሽ፣ ወደተገኘችበት ቦታ ትመለስ።

ድኩላም ሆነች ሚዳቋ አራስ ልጇን አስከትላ አትዞርም። የድኩላ ግልገል ከተወለደች በኋላ እስከ 4 ወር ሊደርስ ለሚችል ጊዜ ጥቅጥቅ ባለ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቃ ትውላለች፤ እናቷ ራቅ ብላ ቅጠል ስትቀነጥብ ቆይታ የምትመለሰው ለማጥባትና ገላዋን ልሳ ለማጽዳት ነው። የምትርቀውም የራሷ ጠረን ጅብን፣ ነብርን ወይም ውሻን ወደ መደበቂያው እንዳይመራ ነው፤ ሽታ እንዳይቀር የግልገሏን ዓይነ ምድር እንኳ ራሷ ትበላዋለች። ስለዚህ ብቻዋን የተገኘች ግልገል በአብዛኛው የተጣለች ሳትሆን እናቷ ባስቀመጠቻት ቦታ የምትጠብቅ ናት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግልገሏ ሰው ሲቀርባት ባለመሮጧ ነው። ጤነኛዋ ግልገል አንገቷን መሬት ላይ ዘርግታ፣ ጆሮዎቿን ወደ ኋላ አጣብቃ፣ ዓይኗን ሳትጨፍን ፀጥ ትላለች። በቀላ ያለ ቡናማ ገላዋ ላይ ያሉት ነጫጭ ነጠብጣቦች በጥላ ዛፎቹ መካከል ሾልኮ መሬት ላይ ከሚያርፈው የፀሐይ ብርሃን ጋር ስለሚመሳሰሉ፣ መንጣሪው ገጀራውን አጠገቧ እስኪያሳርፍ ድረስ ላያያት ይችላል። ይህን ፀጥታ ድካም ወይም ሕመም ነው ብሎ ማንሳት አይገባም።

በእርግጥ እርዳታ የሚያስፈልጋት ግልገል ሌላ ምልክት ታሳያለች፦ እናቷ በወጥመድ ወይም በውሻ ሞታ በአቅራቢያዋ ተገኝታለች፤ ቁስል ወይም የተሰበረ እግር አለባት፤ ዝንብ እንቁላሉን ጥሎባታል ወይም ጉንዳን ወርሯታል፤ ለሰዓታት ያለማቋረጥ ትጮኻለች፤ ዓይኗ ሰርጉዷል፤ የአንገቷ ቆዳ ቆንጠጥ ተደርጎ ሲለቀቅ ቶሎ አይመለስም። ውሻ ነክሷት ከሆነ የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖር ስለሚችል በባዶ እጅ አትነካ፤ አፏ ውስጥም ጣት አይግባ።

አንድ ሌሊት በቤት በማደሯ ጊዜው አለፈ ብለው ተስፋ አይቁረጡ፤ እናቲቱ ብዙውን ጊዜ ግልገሏን ያጣችበትን ቦታ እየተመላለሰች ትፈልጋለች። የሰው እጅ የነካትን ግልገል እናቷ ትጠየፋለች የሚባለውም ከመመለስ ሊያግድዎ አይገባም። አንድ ሰው ብቻ ዓይኗን በነጠላ ሸፍኖ በክንዱ ይያዛት፤ ጆንያ ውስጥ አትግባ፣ ውሻና ልጆች አይከተሉ። ቦታው ተመንጥሮ ከተራቆተ በጣም ሳይርቅ ቀሪ ቁጥቋጦ ውስጥ፣ ጥላ ሥር ትቀመጥ፤ በዚያ ጥግ ያለው ሥራም ለአንድ ሁለት ቀን ይቁም። አጠገቧ ቆሞ እናቲቱን መጠበቅ እናቲቱን ማባረር ነው። ማምሻውን የውሻ ጩኸት የመሰለ ሻካራ ድምፅ ከሰሙ የድኩላ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ሊሆን ስለሚችል ፈጥነው ይራቁ። ጠዋት ከሩቅ አይተው ከቦታዋ ካጧት ወይም ሆዷ ሞልቶ ተረጋግታ ከተኛች ይተዉአት፤ ሆዷ ጎድሎ እየጮኸች ካገኟት ግን ወደ ባለሙያ ይሂዱ።

አሁን ስለ ወተቱ። ከሁለቱ የፍየሉን እመርጣለሁ፤ ሆኖም የድኩላ ወተት በቅባትም በፕሮቲንም ከሁለቱም ስለሚበልጥ ለረጅም ጊዜ የሚተካ አይደለም፤ እንገር ሳትጠባ የተወሰደች ግልገል ደግሞ በሽታ የመቋቋም አቅሟ ደካማ ነው። የቀዘቀዘች ግልገል ሳትሞቅ አትመገብ። በማንኪያ መጋት እጅግ አደገኛ ነው፤ ግልገሏ ስትጠባ ወተቱ የመጀመሪያውን ጨጓራ አልፎ በቀጥታ ወደ አራተኛው ይወርዳል፤ ሲጋት ግን በመጀመሪያው ጨጓራ ቀርቶ ይቦካና ይነፋታል፣ ወይም ሳንባዋ ይገባል። በጡጦ፣ በደረቷ ተኝታ ወይም ቆማ፣ ራሷን በመጠኑ ቀና አድርጋ ትጥባ፤ በጀርባዋ አትንጋለል። ከጠባች በኋላ እናቷ በምላሷ እንደምታደርገው ከጭራዋ ሥር በሞቀ እርጥብ ጨርቅ ካልታበሰች ሽንትም ሆነ ዓይነ ምድር ላይወጣት ይችላል። ይህ ሁሉ ባለሙያ እስኪደርስ ድረስ ብቻ የሚደረግ ነው።

ልጆቹ ስለወደዷት ትቆይ የሚለውን ሐሳብዎን በአክብሮት እቃወማለሁ። የዱር እንስሳ በሰው እጅ ስትያዝ ፍርሃቱና መንፈራገጡ ጡንቻዋን ይጎዳል፤ ደህና የመሰለች ግልገል ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ድንገት የምትሞተው በዚህ ምክንያትም ነው። ግልገሉ ወንድ ከሆነ ደግሞ ሰውን ሳይፈራ አድጎ ቀንድ ሲያወጣ ያሳደጉትን ልጆች ሊወጋ ይችላል። የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ የተከለከለ መሆኑንም ያስቡበት። እናቷ ከሞተች ወይም ግልገሏ ከቆሰለች፣ በለጠ-ጌራ የተባለውን ደን ለሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ኢንተርፕራይዝ የጅማ ቅርንጫፍ ያሳውቁ፤ ለሕክምናው በጅማ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ክፍል የሚያማክሩ ሐኪሞች አሉ።

ለቀሪው ምንጠራ፣ ሠራተኞቹ ገጀራ ከማንሳታቸው በፊት በረድፉ መካከል ቀስ ብለው ይመላለሱ፤ ግልገል ባዩበት ቦታ ዙሪያ ያለውን ቁጥቋጦ ሳይነኩ ምልክት አስረውበት ወደሚቀጥለው ረድፍ ይለፉ።