መልስ፦ ከ1927 ፊልሞች ለታሪክ የሚበልጠው የቱ ነው?

ወንድሜ፣ እ.ኤ.አ. በ1927 ከወጡት ፊልሞች ለምን ሁሉም ሰው «ጃዝ ሲንገር»ን እንደሚያስቀድም ጠይቀሃል። እኔም እሱን ነው የማስቀድመው። እንደ ፊልም ግን ያን ያህል አይደለም። አብዛኛው ድምፅ አልባ ነው፤ ንግግሩን ከስክሪኑ ላይ ታነባለህ። ዋናው ተዋናይ አል ጆልሰን ሲዘፍንና መሀል ላይ ትንሽ ሲያወራ ግን ድምፁ ይሰማል። ያቺ ትንሽ ወሬ በቃች! ቻርሊ ቻፕሊን ለዓመታት እምቢ ብሎ ቢቆይም፣ ሆሊውድ ብዙም ሳይቆይ ወደ ድምፅ ዞረ። (ነጩ ጆልሰን ፊቱን ጥቁር ተቀብቶ መዝፈኑ ግን ዛሬ ሲያዩት ይቀፋል።)

ለዓይን ከሆነ የዳይሬክተር ፍሪትዝ ላንግን «ሜትሮፖሊስ» እይ። ለአሥርተ ዓመታት ተቆራርጦ ነው የኖረው። ከጠፋው ውስጥ አብዛኛው እ.ኤ.አ. በ2008 አርጀንቲና፣ ቦነስ አይረስ ተገኘ። ያየኸው ከዚያ በፊት ከሆነ ድገመው።