ከአድዋ እስከ ማይጨው፦ በ40 ዓመት ውስጥ የጦርነት መልክ እንዴት ተለወጠ?

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የታሪክ መምህር ነኝ። ስለ ኢጣሊያ ወረራ ባስተማርሁ ቁጥር ተማሪዎቼ አንድ ጥያቄ ያነሡብኛል፤ በአድዋ ድል ያደረገ ሕዝብ ከ40 ዓመት በኋላ በማይጨው በዚያው ጠላት እንዴት ተሸነፈ? ከመካከላቸው በክህደት ነው የሚሉ አሉ፤ ትውልዱ የአባቶቹን ጀግንነት ስላጣ ነው የሚሉም አልጠፉም። የመሣሪያ ብልጫ ነው ብዬ እመልስላቸዋለሁ፤ ነገር ግን በአድዋም ቢሆን ጠላት ዘመናዊ ጦር አልነበረምን? (ከደሴ)

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ «የመሣሪያ ብልጫ» የሚለው መልስዎ ስሕተት ባይሆንም ተማሪዎችዎን አለማርካቱ ተገቢ ነው፤ ጠላት በመሣሪያ የበለጠን በማይጨው ጊዜ ብቻ አይደለምና። በአድዋ ለድል ያበቃን የአዋጋግ ስልት፣ ይኸውም ብዙ ሕዝብ በአንድ ስፍራ አሰባስቦ በፍጥነት ጠላትን መክበብ፣ በማይጨው ዘመን ራሱን የቻለ አደጋ ሆኖ ነበር። ይህን የለወጠው ደግሞ በሁለቱ ጦርነቶች መካከል በአውሮፓ የተካሄደው አንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። ስለዚህ ከአድዋ ወደ ማይጨው በቀጥታ ከመሻገር ይልቅ በፈረንሳይና በቤልጅየም ምሽጎች በኩል ዞረን ብንደርስ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የተገናኙት ሠራዊቶች በትጥቅ ረገድ ብዙዎች እንደሚገምቱት የተራራቁ አልነበሩም። የኢጣሊያው አዛዥ ጄኔራል ባራቲዬሪ ወደ 17,700 የሚጠጋ ጦርና 56 መድፎች ነበሩት፤ ወታደሮቹ የያዙት የቬተርሊ ጠመንጃ ግን በአገራቸው በአዲስ መሣሪያ እየተተካ የነበረ አሮጌ ሥሪት ነው። ወደ 100,000 የሚገመተው የዐፄ ምኒልክ ሠራዊት በአብዛኛው ጠመንጃ የታጠቀ ሲሆን፣ በፍጥነት የሚተኩሱ የሆችኪስ መድፎችም ነበሩት። ከሁሉም በላይ በዚያን ጊዜ ተኳሹ የሚተኩስበትን ሰው በዓይኑ ያየው ነበር፤ መድፈኛውም ከኮረብታ ላይ ሆኖ ዒላማውን እየተመለከተ ነው የሚተኩሰው። የኢጣሊያ ብርጌዶች በተሳሳተ ካርታ እየተመሩ በሌሊት ጉዞ ሲለያዩ፣ የኢትዮጵያ ጦር በተነጠለው የአልበርቶኔ ብርጌድ ላይ ቀድሞ ተረባረበ፤ ከዚያም ወደሌሎቹ ዞረ። አልበርቶኔ ተማረከ፤ የሌሎቹ ብርጌዶች አዛዦች አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ እዚያው ወደቁ። ያ ሁሉ ሕዝብ ከሩቅ የሚደበድበው መድፍም ሆነ ከላይ የሚያየው ዓይን ስላልነበረ፣ የቁጥሩን ብልጫ ወደ ድል ለመለወጥ ችሏል።

ከዚያ በኋላ ነገሮች በፍጥነት ተለወጡ። አድዋ በተካሄደ በዓመቱ፣ በ1897 እ.ኤ.አ.፣ ፈረንሳዮች ሲተኮስ ከቦታው የማይንሸራተት፣ በደቂቃ 15 ጥይት ያህል ሊተኩስ የሚችል የ75 ሚሊሜትር መድፍ አወጡ። የመድፍ አዛዦች በስልክና በካርታ እየተመሩ ከኮረብታ ጀርባ ሆነው፣ ጨርሶ የማያዩትን ዒላማ መምታት ቻሉ። በ1884 እ.ኤ.አ. የተፈለሰፈው የማክሲም መትረየስም በየአገሩ ሠራዊት ተስፋፋ። ከብቶችን ለማገድ የተሠራው እሾሃማ ሽቦ የምሽግ መከላከያ ሆነ። አውሮፕላንን በተመለከተ ደግሞ ለእኛ ታሪክ ልዩ ትርጉም ያለው ነገር አለ፤ ከአውሮፕላን ላይ ቦምብ ጥሎ በጦርነት ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠቀመው በኖቬምበር 1911 እ.ኤ.አ. በሊቢያ የዘመተ የኢጣሊያ አብራሪ ነበር።

የእነዚህ ነገሮች ድምር ምን እንደሚያስከትል የአውሮፓ ጄኔራሎች የተማሩት በወታደሮቻቸው ደም ነው። እንግሊዞች በፈረንሳይ በሶም ወንዝ አካባቢ ለሰባት ቀናት ያህል ከ1.5 ሚሊዮን በላይ የመድፍ ጥይት ካዘነቡ በኋላ፣ ጁላይ 1 ቀን 1916 እ.ኤ.አ. እግረኛቸውን በሰልፍ ወደ ጀርመን ምሽግ አዘመቱት፤ በዚያ አንድ ቀን ብቻ 57,470 ሰው ሲጎዳባቸው ከዚህ ውስጥ 19,240ው ሞተ። ይህን ቁጥር ለተማሪዎችዎ እንዲነግሩልኝ እለምንዎታለሁ። በግልጽ ሜዳ ተሰብስቦ ወደ መትረየስ መሮጥ የሚያስከትለው እልቂት የኋላ ቀርነት ወይም የአንድ ሕዝብ ጉድለት እንዳልሆነ፣ በዘመኑ እጅግ ከበለጸጉት አገሮች የአንዷ ሠራዊት ሳይቀር በዚያው መንገድ እንዳለቀ ያሳያቸዋል። አውሮፓውያን መውጫውን ያገኙት ወታደሩን በትናንሽ ቡድን በመበተን፣ መድፍን፣ ታንክን፣ አውሮፕላንንና እግረኛን በአንድ ዕቅድ በማቀናጀት ሲሆን፣ ለዚህም ከአራት ዓመት በላይ የፈጀ ጦርነትና በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕይወት ከፍለዋል። ኢትዮጵያ በዚያ ጦርነት ውስጥ ስላልነበረች መከራው አልደረሰባትም፤ ትምህርቱም እንዲሁ አልደረሳትም። ኢጣሊያ ግን ነበረችበት። በሰሜን ግንባር የዘመተብን ማርሻል ባዶሊዮ ራሱ በ1917 እ.ኤ.አ. በካፖሬቶ፣ ጀርመኖችና ኦስትሪያውያን በመድፍና በመርዝ ጋዝ የኢጣሊያን መስመር ሲሰብሩ፣ የአንድ ኮር አዛዥ ሆኖ ሽንፈቱን የቀመሰ ሰው ነው።

እንግዲህ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወረራው ሲጀመር፣ በአንድ ወገን በመቶዎች የሚቆጠሩ አውሮፕላኖች፣ በሺዎች የሚቆጠሩ የጭነት መኪናዎችና በየቀኑ መንገድ የሚቀይሱ መሐንዲሶች ነበሩ፤ በሌላው ወገን ስንቁን በአህያና በትከሻው የተሸከመ ዘማች ነበር። የክቡር ዘበኛ ጦር በቤልጅግ መኮንኖች ሠልጥኖ ነበር፤ በስዊድናውያን የሚመራው የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ግን ከተከፈተ ገና ዓመት አልሞላውም። የአየር ኃይላችን ወደ 12 ገደማ አውሮፕላኖች ብቻ ነበሩት፤ እነርሱም ለውጊያ የታጠቁ አልነበሩም። እርስዎ የሚኖሩባት ደሴም ከጦር ግንባሩ እጅግ ርቃ ሳለች ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአየር ተደብድባለች። በአድዋ ዘመን ከግንባር በዚያ ያህል ርቀት ላይ የነበረ ሰው ወሬ ከመስማት በቀር ጦርነቱ አይደርስበትም ነበር።

ይሁን እንጂ ዘማቹ በአድዋ መንገድ ሊያሸንፍ የሚችልበት አጋጣሚ በተገኘ ጊዜ አሸንፏል። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ ደምበጊና ላይ የኢጣሊያን ጦር ሲመታ፣ ትናንሾቹን ታንኮች በገደላማ መንገድ ላይ ከብቦ፣ ላያቸው ላይ እየወጣ ማርኳል፤ አቃጥሏል። ባዶሊዮ ለዚህ የሰጠው ምላሽ በተከዜ አካባቢ የሰናፍጭ ጋዝ የያዙ ቦምቦችን መጣል ነበር። ይህ መርዝ በልብስ ውስጥ አልፎ ቆዳን ይፈጃል፤ ሣርና ውኃ ላይ ለቀናት ስለሚቆይም በባዶ እግሩ የሚሄደው ዘማችና የአገሬው ገበሬ ከድብደባው በኋላ እንኳ ከጉዳት አላመለጡም። በየካቲት በአምባ አራዶም የሆነው ደግሞ ለጥያቄዎ ቀጥተኛ መልስ ይመስለኛል። የጦር ሚኒስትሩ ራስ ሙሉጌታ፣ በወጣትነታቸው አድዋ የዘመቱት አዛውንት፣ ሠራዊታቸውን በዚያ ታላቅ ተራራ ላይ አሰፈሩ። በአድዋ ዘመን ማንም የማይደፍረው ምሽግ ይሆን ነበር። ባዶሊዮ ግን ተራራውን ፊት ለፊት ከመግጠም ይልቅ በ280 መድፍና በ170 አውሮፕላን ያህል አስደብድቦ፣ እግረኛውን በሁለቱም ጎን አዞረ። ዘማቹ እንዳይከማች፣ በነጭ ልብስም ለአውሮፕላን ዒላማ እንዳይሆን ምክር ተሰጥቶት ነበር፤ ነገር ግን በየጌታው ሥር የሚሰለፍ፣ ክብሩን በግልጽ ሜዳ መግጠም ላይ ያኖረ ሠራዊት በአንድ ወር ምክር ልማዱን አይለውጥም።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ጃንሆይ የመጨረሻውን ጦር ይዘው ሲገጥሙ፣ ኢጣሊያኖች የሬዲዮ መልእክቶቻችንን እየጠለፉ ያነቡ ስለነበር የማጥቃት ዕቅዱን አስቀድመው ዐውቀውታል፤ ጥቃቱ በቀናት መዘግየቱም ምሽጋቸውን እንዲያጠናክሩ ጊዜ ሰጣቸው። የክቡር ዘበኛ ወታደሮች ከንጋት እስከ ምሽት ደጋግመው በመትረየስ ፊት ወጡ፤ የያዟቸውንም ምሽጎች በመልሶ ማጥቃት ተነጠቁ። እልቂቱ የባሰው ግን በውጊያው ዕለት ሳይሆን ከዚያ በኋላ፣ የሚያፈገፍገው ጦር በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ ባለው ሜዳ በቦምብና በመርዝ ሲመታ ነው።

ክህደትን በተመለከተ፣ ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ በጦርነቱ መጀመሪያ ከድተው ለጠላት መግባታቸው የታወቀ ነው፤ በሞራልም በመረጃም ጎድቶናል። ሆኖም አምባ አራዶምን የደበደቡት መድፎች ያለ እርሳቸውም ይመጡ ነበር። ጀግንነት ጎደለ ለሚሉት ተማሪዎች ደግሞ ከማይጨው በኋላ የሆነውን ያሳዩአቸው። በሸዋ፣ በጎጃም፣ በጎንደርና በሌሎችም አውራጃዎች የተነሡት አርበኞች በትናንሽ ቡድን ተበትነው፣ በሌሊት ተጉዘው፣ ጫካና ገደልን ተገን አድርገው አውሮፕላኑን ዒላማ ነሱት። አውሮፓውያን በአራት ዓመት ምሽግ ውስጥ የተማሩትን መበተን፣ እነርሱ ያለ አስተማሪ በራሳቸው መከራ ተምረው ለአምስት ዓመት ታግለውበታል፤ ጃንሆይ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋር ተባብረው አዲስ አበባ ሲገቡም አገሩ በአርበኞች የተከፈተ ነበር።

ጥያቄ፦ የመርዝ ጋዝ ከማይጨው በፊት በዓለም አቀፍ ስምምነት ተከልክሎ እንደነበር አነበብሁ። ታዲያ ኢጣሊያ እንዴት ደፈረች? ድርጊቱንስ አምናለች? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አዎን፣ የ1925ቱ የጄኔቫ ፕሮቶኮል በጦርነት መርዝ መጠቀምን ከልክሏል፤ ኢጣሊያም በ1928 እ.ኤ.አ. አጽድቃዋለች። ፕሮቶኮሉ ግን መርዙን መሥራትንና ማከማቸትን አልከለከለም፤ የሚመረምርና የሚቀጣ አካልም አላቋቋመም። የመንግሥታት ማኅበር በኢጣሊያ ላይ ማዕቀብ ሲጥል ነዳጅን ከዝርዝሩ አስቀርቷል፤ የሱዌዝ ቦይም ለጦር መርከቦቿ ክፍት ነበር። ጃንሆይ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ቀርበው፣ አውሮፕላኖች 9፣ 15 እና 18 እየሆኑ ተከታትለው መርዙን እንደ ጉም ሲረጩ እንደነበር በዝርዝር ተናግረዋል፤ የሰማቸው ጉባኤ ምንም አላደረገም። ከዚያ በኋላ በመጣው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኃያላኑ በአውሮፓ የጦር ሜዳዎች እርስ በርስ መርዝ አልተጠቀሙም፤ እኔ እንደማምነው ያገዳቸው ሕጉ ሳይሆን የአጸፋው ፍርሃት ነው፤ ኢትዮጵያ አጸፋ የምትመልስበት አልነበራትም። መሥራቱንና ማከማቸቱን ጭምር የሚከለክለውና መርማሪዎች ያሉት ስምምነት በሥራ ላይ የዋለው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴርም በኢትዮጵያ ላይ የመርዝ ጋዝ መጣሉን በይፋ ያመነው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. ነበር።