ስለ ሰው ሠራሽ እጁ የገንዘብ ድጋፍ ለጠየቅኸው

ወንድሜ፣ ከጓደኞችህ ጋር በጡንቻ ምልክት የሚንቀሳቀስ ሰው ሠራሽ እጅ እዚሁ ሐዋሳ ሠርታችሁ፣ ምርምሩን የሚደግፍ በጎ አድራጎት ድርጅት እንዴት እንደሚገኝ ጠይቀሃል። እኔ በሰው ሠራሽ አካል መሥሪያ ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ለጋሾች ሲመጡም ሲሄዱም አይቻለሁ። ረዘም ቢልብህ ታገሠኝ።

ከዓመታት በፊት አንድ ለጋሽ አራት የኤሌክትሪክ እጆች ሰጠን። በርክክቡ ቀን ቡና ተፈላ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ፎቶግራፍ ተነሣን። ከተቀባዮቹ አንዱ አሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጥ ሰው ነበር። በሦስተኛው ወር እጁን በፌስታል ጠቅልሎ መለሰልኝ። ሲያልበው፣ ቆዳው ላይ አርፎ የጡንቻውን ምልክት የሚቀበለው ኤሌክትሮድ ምልክቱን ያዛባል፤ ሚዛን ላይ ያለውን ዓሣ ሊይዝ ሲል ይለቅቃል፣ ገንዘብ ሊሰጥ ሲል ጨብጦ ይቀራል። ባትሪውም ደክሟል። መለወጫው የሚመጣው ከውጭ ነው፤ በጀቱ ግን የተዘጋው በርክክቡ ዕለት ነበር። «ያንን የብረት መንጠቆ ስጠኝ፤ እሱ ውኃ አይፈራም» አለኝ። ሰጠሁት። አራቱም እጆች ዛሬ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጠዋል።

ስለዚህ ማመልከቻችሁን ስትጽፉ ከሦስተኛው ወር ጀምሩ። ማን ይጠግናል? ባትሪው በስንት ብር፣ ከየት ይገዛል? ከሀገረ ሰላም የሚመጣ ተጠቃሚ የመኪና መሳፈሪያውን ማን ይከፍልለታል? የሞተሩና የፕላስቲኩ ዋጋ እኮ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ቀላሉ ነው።

ይህን ቀድሞ የተረዳ ድርጅት አለ። ሳይን (SIGN) የተባለው የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ተመሥርቶ፣ የጭንና የቅልጥም ስብራትን ለመጠገን በአጥንቱ ውስጥ የሚገባ ብረት በድሃ አገሮች ላሉ ሆስፒታሎች ይለግሳል፤ በአገራችንም ይሠራበታል። ብረቱ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ የራጅ መሣሪያ ባይኖርም እንዲገባ ሆኖ የተነደፈ ነው። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናውን ከራጅ ምስሉ ጋር በድርጅቱ የመረጃ ቋት ይመዘግባል፤ የተጠቀመበት ብረት የሚተካለትም በዚሁ ምዝገባ ነው። እንዲህ የተጠራቀመው መዝገብ ለጥናትም ውሏል። ለእናንተ የምመኘው ለጋሽ እንዲህ ያለውን ነው።

ትልቅ ለጋሽ እስኪገኝ ግን እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። አውስትራሊያዊው ፕሮፌሰር ግሬም ክላርክ፣ የመስማት ችግር ያለባቸው አባት ልጅ፣ ጆሮ ውስጥ የሚተከል ባለ ብዙ ኤሌክትሮድ የመስሚያ መሣሪያ ለመሥራት ሲነሡ ብዙ የሙያ ባልደረቦቻቸው አይሆንም ብለዋቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ምርምራቸውን ያቆየው ሜልቦርን ውስጥ በቴሌቪዥን ከሕዝብ የተሰበሰበ መዋጮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ለመጀመሪያው ታካሚ ተከሉለት፤ መሥራቱን ካሳዩ በኋላ መንግሥትና አምራች ኩባንያ መጡ። እናንተም ለአንድ ተጠቃሚ፣ ለአንድ ዓመት የሚበቃ ገንዘብ ከነጋዴውም ከዕድሩም አሰባስቡና የየሳምንቱን ውሎ መዝግቡ። ያ ደብተር ከማንኛውም የቪዲዮ ማሳያ ይበልጥ ያሳምናል።

የወረቀቱን ነገር ባጭሩ ልንገርህ። የተማሪዎች ቡድን ሆናችሁ ገንዘብ መቀበል ያስቸግራችኋል፤ በዩኒቨርሲቲ ወይም በተመዘገበ ድርጅት በኩል እለፉ። ድርጅት ከሆነ፣ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ስለሚያዝ፣ የጥገና ባለሙያውን ሥራ እንደ አስተዳደር ወጪ እንዳይታይ ከመነሻው የምርምሩ አካል አድርጋችሁ ጻፉት። ሰው ላይ ከመሞከራችሁ በፊት ደግሞ የሥነ ምግባር ፈቃድ አውጡ፤ ይህ ለድርድር አይቀርብም።

ቅዳሜ ጠዋት ከጓደኞችህ ጋር ብትመጣ ቁም ሣጥኑን እከፍትላችኋለሁ፤ ዓሣ ሻጩንም እጠራዋለሁ። ከአራቱ እጆች ሁለቱን ፈታታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ትንሽ ካቻቢቴ ይዛችሁ ኑ፤ የእኛው ተሰብሯል።