ገዳዩ ከታወቀ በኋላ፦ ስለ ወንጀል ልቦለዶች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ስላነበብኳቸው የወንጀል ምርመራ ልቦለዶችና ከእነርሱ ጋር ስለሚዛመዱ ሥራዎች ከአንባቢያን ለደረሱኝ ጥያቄዎች የሰጠኋቸው መልሶች የሚከተሉት ናቸው። የመጻሕፍቱን ፍጻሜ ላለማጋለጥ ተጠንቅቄአለሁ፤ ደራሲው ራሱ በግልጽ ያስቀመጠውን ግን እኔም አልደብቀውም።

ጥያቄ፦ ገዳዩ ማን እንደሆነ ገና ከጅምሩ ከተነገረ፣ አንባቢ እስከ መጨረሻው የሚዘልቀው ምን ፈልጎ ነው?

መልስ፦ ጋብሪኤል ጋርሲያ ማርኬዝ እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተመው፣ አስቀድሞ ስለተነገረ ሞት የሚተርከው አጭር ልቦለድ ለዚህ የተሻለ መልስ አለው። ሳንቲያጎ ናሳር እንደሚገደል የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይነግረናል፤ ገዳዮቹ የቪካሪዮ መንትያ ወንድማማቾች መሆናቸውንም ብዙ ሳንገፋ እናውቃለን። መንትዮቹ ቢላዎቻቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው ወተት መሸጫ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ላገኙት ሁሉ ሊገድሉት እንደሆነ ይናገራሉ፤ አንዳንዱ ስካር ነው ብሎ ያልፋቸዋል፣ አንዳንዱ ሟቹ ሳይሰማ አይቀርም ብሎ ይተዋል። ስለዚህ ጥያቄው «ማን ገደለው?» መሆኑ ይቀርና «ከተማው ሁሉ ያወቀው ግድያ እንዴት የሚያስቆመው ሰው አጣ?» ይሆናል። እናቱ ልጇ ቤት የገባ መስሏት፣ እርሱ ነፍሱን ሊያድን ወደ ደጁ እየሮጠ ሳለ የፊት ለፊቱን በር ትቀረቅረዋለች። መጨረሻውን እያወቅሁ እንኳ፣ እዚህ ቦታ ስደርስ ሴትዮዋን በጩኸት ማስቆም ያምረኛል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ሰውየው የተገደለበትን ነገር፣ ማለትም የመንትዮቹን እህት ክብረ ንጽሕና መውሰዱን፣ በእርግጥ ፈጽሞት እንደሆነና እንዳልሆነ ደራሲው ሳይነግረን መተዉ ነው፤ ለእኔ የመጽሐፉ ትልቁ ድፍረት ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ የጃፓናዊው ኬይጎ ሂጋሺኖ ሥራ ከዚህ ጋር ይነጻጸራል?

መልስ፦ በአጀማመሩ ይነጻጸራል። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመውና ኢሺጋሚ የተባለ የሒሳብ መምህር በሚገኝበት ልቦለዱ፣ አንዲት እናት ከልጇ ጋር ሆና የቀድሞ ባሏን ስትገድል በዓይናችን እናያለን፤ ጎረቤቷ ኢሺጋሚም ግድያውን ሊሸፍንላት ይነሣል። መምህሩ ለተማሪዎቹ ስለሚያወጣው ፈተና ሲናገር፣ ጥያቄው የጂኦሜትሪ ይመስላል እንጂ በእርግጥ የፈንክሽን ጥያቄ እንደሆነ ይገልጻል። ደራሲው የራሱን ሴራ ቁልፍ በዚህች ንግግር አማካይነት ፊት ለፊታችን ያኖረዋል፤ እኛ ግን እንደ መርማሪዎቹ ሁሉ ሌላ ጥያቄ ስንፈታ እንሰነብታለን። ቅር ያሰኘኝ የሴቶቹ ገጸ ባሕርያት ስስነት ነው፤ እናቲቱ ያሱኮ ሌሎች ሰዎች የሚወስኑላት ሴት ሆና ትቀራለች፣ ድርሰቱም ስለ ውስጧ ብዙ አይጨነቅም።

ጥያቄ፦ አጋታ ክሪስቲ «የሮጀር አክሮይድ ግድያ» በተባለው ልቦለዷ አንባቢን አታልላለች የሚሉ አሉ። ይስማማሉ?

መልስ፦ አልስማማም። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1926 ከታተመ ጀምሮ ክርክር አላጣውም፤ ይሁን እንጂ ፍጻሜውን ካወቁ በኋላ ተመልሰው ሲያነቡት፣ ያታለለዎት የራስዎ ግምት እንጂ የተጻፈው ቃል እንዳልሆነ ያያሉ። ከዚህ በላይ ብናገር ላላነበበው ሰው ደግ አልሆንም።

ጥያቄ፦ ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ጊዜ ማሳለፊያ እንጂ ሥነ ጽሑፍ አይደለም ለሚሉት ምን ይላሉ?

መልስ፦ በ1866 እ.ኤ.አ. የወጣውን የዶስቶየቭስኪን «ወንጀልና ቅጣት» የት እንደሚመድቡት እንዲነግሩኝ እጠይቃቸዋለሁ። መጥረቢያ አለ፣ መርማሪ አለ፣ በየወሩ በመጽሔት ላይ እየወጣ አንባቢን ለቀጣዩ እትም ያንጠለጠለ ታሪክ ነው።

ጥያቄ፦ የኦርሃን ፓሙክን «ስሜ ቀይ ነው» ጀምሬ ተራኪው በየምዕራፉ ሲለዋወጥብኝ ተውኩት። ልመለስበት?

መልስ፦ ይመለሱበት። ታሪኩ የሚካሄደው በ1591 እ.ኤ.አ. ኢስታንቡል ውስጥ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ተራኪ ተገድሎ ጉድጓድ ውስጥ የተጣለ ሠዓሊ ሬሳ ነው። ገዳዩ ከሠዓሊዎቹ አንዱ ነው፤ አንድ ጊዜ በሠዓሊነት ስሙ፣ ሌላ ጊዜ ስሙን ሸሽጎ በነፍሰ ገዳይነቱ ይናገራል። የተራኪዎቹ መፈራረቅ እንግዲህ ለጌጥ የገባ አይደለም፤ በዚያ የሥዕል ወግ የሠዓሊው የራሱ የተለየ አሳሳል እንደ ጉድለት ስለሚቆጠር፣ አንድ ሰው በአነጋገሩ ወይም በእጁ ሥራ ይያዝ እንደሆነ መመርመሩ የወንጀሉም የሥነ ጥበቡም ጥያቄ ነው። ስለ ፈረስ አሳሳል የሚናገሩት ገጾች ግን ለእኔም በዝተውብኛል።

ጥያቄ፦ «ኦሮማይ»ን የስለላ ልቦለድ ብሎ መጥራት ያሳንሰዋል?

መልስ፦ አያሳንሰውም። በዓሉ ግርማ በ1974 ዓ.ም. ደርግ በኤርትራ አማፅያን ላይ ባካሄደው በቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ላይ ያየውን ይዞ የስለላ ታሪክን ማዕቀፍ የመረጠው አውቆ ይመስለኛል፤ ማን ለማን እንደሚሠራ በማይታወቅባት ከተማ ውስጥ ፍቅርም ቢሆን ከጥርጣሬ አያመልጥም። ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለማርያም የፕሮፓጋንዳ ሰው ነውና ወሬ እንዴት እንደሚቀናበር ከማንም በላይ ያውቃል፤ ከፊያሜታ ጋር ሲሆን ግን ያ ሁሉ ዕውቀቱ አያግዘውም። ሴራው አንዳንድ ቦታ ላይ በግጥምጥሞሽ ይገፋል፤ የናቅፋው ውጊያ ሲመጣ ግን የስለላው ጨዋታ ወደ ኋላ ያፈገፍግና የዘመቻው መፈክርና በተራራው ላይ የሚሆነው ነገር ምን ያህል እንደተራራቁ ይገለጣል። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ መሰብሰቡ፣ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. የካቲት ወር ደብዛው መጥፋቱ ይታወቃል። ብዙ ጊዜ የምናወራው ይህንኑ ብቻ በመሆኑ፣ በዓሉ ንግግርን እንዴት አሳጥሮና አስሎ እንደሚጽፍ የሚያስተውል ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ በኡምቤርቶ ኤኮ «የጽጌረዳ ስም» የመጀመሪያዎቹን መቶ ገጾች መዝለል ይቻላል?

መልስ፦ ኤኮ ራሱ እንዲያሳጥራቸው ተመክሮ እምቢ ብሏል፤ ወደ ገዳሙ ሊገባ የሚሻ አንባቢ የገዳሙን አካሄድ መልመድ አለበት ባይ ነበር። ታሪኩ በ1327 እ.ኤ.አ. በአንድ የጣልያን ገዳም የሚሆን ነው፤ ብራና የሚጻፍበትን ክፍልና ለጥቂቶች ብቻ የሚከፈተውን ቤተ መጻሕፍት ሲገልጽ፣ የገዳማችንን ዕቃ ቤት ጠባቂ ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ ባዕድ አይሆንበትም። የመናፍቃኑን ክርክር ፈጠን ብለው ማለፍ ይችላሉ፤ የቤተ መጻሕፍቱን አሠራር የሚገልጸውን ግን አይዝለሉ፣ ምክንያቱም የግድያዎቹ መነሻ ያለው እዚያ ነው። መርማሪው መነኩሴ ወደዚያ ከገባ በኋላም ካልማረከዎት፣ መጽሐፉን ያለ አንዳች ጸጸት ላዋሰዎት ሰው ይመልሱለት።