እንደ ድንጋይ ያጠነከረው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። እናቴ ቡና ስትለቅም ጡቷ ላይ እብጠት አገኘች፤ ከአጋሮ ወደ ጅማ አምጥቼ አስመረመርኋት። ካንሰር ነው ተባልን። እኔም ዳስሼዋለሁ፤ እንደ ድንጋይ ነው። የውጤቱ ወረቀት በካንሰሩ ዙሪያ ጠባሳ መሰል ሥጋ በብዛት እንዳለ ይናገራል። ይህ ሁለተኛ በሽታ ነው?
ልጇ፣ ከጅማ

መልስ፦ ልጄ፣ ሁለተኛ በሽታ አይደለም። ጣትሽ ያገኘው ጥንካሬ በአብዛኛው የካንሰሩ ሴሎች ሥራ እንኳ አይደለም፤ የእናትሽ የራሳቸው ሴሎች የሠሩት ነው።

እዚሁ ጅማ በላቦራቶሪ በኖርሁባቸው ዓመታት እንዲህ ያለውን ዕጢ ስቆርጥ ቢላዬ ጥሬ የዘይቱን ፍሬ እንደሚከፍል ሁሉ ኮሽ ይላል። በማይክሮስኮፕ ሳየው ሰፊውን ቦታ የያዘው ኮላጅን የተባለው ክር ነው፤ የካንሰር ሴሎቹ በመካከሉ ተበትነው ይታያሉ።

ክሩን የሚፈትሉት ፋይብሮብላስት የሚባሉ ሴሎች ናቸው፤ ሙያቸው ቁስል መድፈን ነው። የቡና ቅርንጫፍ የእናትሽን እጅ ሲቧጭር ቲጂኤፍ-ቤታ የሚባል መልእክተኛ ፕሮቲን ይለቀቃል። ፋይብሮብላስቶቹ ተጠርተው ይመጣሉ፣ ይፈትላሉ፤ ቁስሉ ሲገጥም መልእክቱ ይቆማል፣ እነርሱም ያርፋሉ። ካንሰሩ ግን ያንኑ መልእክት ሳያቋርጥ ይልካል። አሜሪካዊው የፓቶሎጂ ሊቅ ሃሮልድ ድቮራክ በ1986 እ.ኤ.አ. ዕጢን ከማይሽር ቁስል ጋር ያመሳሰለው ይህን የመሰለውን ነገር አይቶ ነው።

የተታለሉት ሴሎች በበኩላቸው ለካንሰሩ የዕድገት ፕሮቲኖችን ያቀርቡለታል። ቪኢጂኤፍ የሚባለው ደግሞ አዳዲስ የደም ሥሮችን ይስብለታል፤ ያለ እነርሱ ዕጢ ከ1 ወይም 2 ሚሊሜትር ብዙም አያልፍም። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ቲጂኤፍ-ቤታ ነው። በጤናማ ጡት ውስጥ የሴሎችን መራባት የሚገታ ጠባቂ ነበር። ካንሰሩ ሲገፋ ትእዛዙን መስማት ይተዋል፤ በዚያው ፕሮቲን ግን የተከላካይ ነጭ የደም ሴሎችን ጉልበት ያዳክማል። ሰውነት ስለሚፈልገውም እንዲሁ በመድኃኒት ጠርጎ ማጥፋት አይቻልም።

አሁን ወረቀቱን እንደገና ተመልከቺው። ኤስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞን መልእክት ስለሚቀበለው የኤስትሮጅን ተቀባይ፣ እንዲሁም ሴሎች እንዲራቡ ስለሚያደርገው ሄር-2 የተባለ ፕሮቲን የተጻፈ አለ? የእናትሽን መድኃኒት ለመምረጥ ሐኪሙ በእነርሱ ላይ ይመረኮዛል። የኤስትሮጅን ተቀባይ ከተገኘ፣ ታሞክሲፈንን የመሰለ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ካንሰሩን የሚያሳድገውን አንዱን መልእክት ይዘጋል። ካልተጻፈ ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪማችሁን ጠይቂ። እናትሽም ይለሰልሳል ብለው በቅቤ እንዳያሹት አደራ፤ ያ ክር በመታሸት አይላላም።